በካርቦን ናኖቲዩብ ውስጥ ያለ ውሃ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ በላፕቶፕ ማስላት

ውሃ ጠባብ ናኖቲዩብ (ከካርቦን አቶሞች የተሠራ እጅግ ቀጭን ቱቦ) ውስጥ ሲገባ ሞለኪውሎቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ ረድፍ ይሰለፋሉ። ንዝረታቸውን ለማየት የሌዘር ቤተ ሙከራ የግድ አይደለም፤ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተቀምጦ የሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ በሚያሰላውና በነፃ በሚወርደው ግሮማክስ (GROMACS) ፕሮግራም ማስላት ይቻላል።

(6,6) የሚባለውን ቱቦ ምረጡ (ቁጥሮቹ የካርቦኑ ንጣፍ እንዴት እንደተጠቀለለ ይናገራሉ)፤ ስፋቱ 0.81 ናኖሜትር ነው። 144 ካርቦን ያለው ቁራጭ 5 ያህል ሞለኪውል ይይዛል። 1,000 ገደማ ሞለኪውል ባለው የውሃ ሳጥን ውስጥ ንከሩት፤ በራሱ ይሞላል። ባዶውን ከቀረ በካርቦንና በኦክስጅን መካከል የሰጣችሁትን የመሳሳብ ቁጥር ፈትሹ፤ ትንሽ ሲያንስ እንኳ ውሃው ይሸሻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የውሃ ሞዴል፣ ማለትም ሞለኪውሉ እንዴት እንደሚሰላ የሚወስነውን ቀመር፣ ሲመርጥ ነው። ኤስፒሲ/ኢ (SPC/E) እና ቲፕ3ፒ (TIP3P) ግትር ናቸው፤ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ትስስር በእነሱ አይሳብም፣ አይኮማተርም። ሥራው ያለ ምንም ስህተት ያልቅና ስፔክትረሙ (በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል ንዝረት እንዳለ የሚያሳየው ግራፍ) ይህ ትስስር በሚንቀጠቀጥበት ክልል፣ ከ3,000 እስከ 4,000 በሴንቲሜትር (cm⁻¹፣ የፍሪኩዌንሲ መለኪያ)፣ ባዶ ይሆናል። ተለጣጩን ኤስፒሲ/ኤፍደብልዩ (SPC/Fw) ተጠቀሙ፤ የትስስሩን ርዝመት የሚያስር ኮንስትሬይንት አታስገቡ።

ይህ ትስስር አንዴ ሄዶ የሚመለሰው በ9 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ነው (1,000 ፌምቶ ሰከንድ አንድ ፒኮ ሰከንድ ነው)፤ የቀረውን ሁሉ በዚህ ለኩት። የስሌቱ የጊዜ እርምጃ 0.5 ፌምቶ ሰከንድ ይሁን፤ የአቶሞቹን ፍጥነቶች በየ2 ፌምቶ ሰከንዱ መዝግቡ። ዲስክ ለመቆጠብ ብላችሁ በየ10 ካደረጋችሁት ፈጣኑ ንዝረት ዝግተኛ መስሎ ያለ ቦታው ብቅ ይላል። ለ100 ፒኮ ሰከንድ ወደ 2 ጊጋባይት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ በ300 ኬልቪን አረጋጉት፤ ሲመዘገብ ግን ሙቀቱን የሚጠብቀው ቴርሞስታት ይጥፋ፤ ፍጥነቶቹን እየነካ ንዝረቱን ያዛባል። 5 ሞለኪውል ጥቂት ስለሆነ ከተለያየ መነሻ 10 ጊዜ አሂዱት።

መብራት ሲጠፋ የሌሊቱ ሥራ እንዳይባክን ስሌቱን በሚያስኬደው ትዕዛዝ፣ ኤምዲረን (mdrun)፣ ላይ ሲፒቲ 5 (-cpt 5) ጨምሩ፤ በየ5 ደቂቃው ቼክፖይንት፣ ማለትም ሥራው የደረሰበትን የሚያስቀምጥ ፋይል፣ ይይዛል፤ ካልነካችሁት የሚይዘው በየ15 ደቂቃው ነው። መብራት ሲመጣ በሲፒአይ (-cpi) ከመጨረሻው ቼክፖይንት ይቀጥላል።

በመጨረሻ የፍጥነት ኦቶኮሪሌሽን (ፍጥነቱ ከቆይታ በኋላ ከራሱ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል) አውጥታችሁ ፉሪየር ትራንስፎርም አድርጉ፤ ይህ ወደ ስፔክትረም ይቀይረዋል፤ ለ10 ፒኮ ሰከንድ ከቱቦው ያልወጡትን ሞለኪውሎች ሃይድሮጅኖች ብቻ ውሰዱ። ከአንድ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮጅኖች አንደኛው የጎረቤቱን ኦክስጅን ይዟል፤ ሌላው ወደ ግድግዳው ዞሮ ነፃ ስለሆነ ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ይንቀጠቀጣል። በስፔክትረሙ ላይ የሚታዩትን ከፍታዎች ቁጥር እንዳለ አትመኑት፤ በውሃ ጋዝ ላይ የተለካው 3,657 እና 3,756 በሴንቲሜትር ነው፣ ክላሲካል ሞዴል በትክክል አይመታውም። ከቱቦ ውጭ ያለውን ውሃ በዚያው ሞዴል አስልታችሁ ልዩነቱን አንብቡ።