ፓይተን ዊንዶውስ 7 ላይ አልጫን ላላችሁ

እዚህ ጎንደር ማራኪ ያለው የእህቴ ዴስክቶፕ አሁንም ዊንዶውስ 7 ነው፣ ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) ልጭንላት ስል በጭራሽ እምቢ አለ። አዲሱን ቨርዥን ስትከፍቱት ገና ከጅምሩ ሴትአፕ ፌይልድ ይላል፣ ምክንያቱ ፓይተን ከ3.9 ጀምሮ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል፣ ስለዚህ በአዲሱ ላይ ዳታ አታቃጥሉ፣ ለዚህ የሚሆነው የመጨረሻው ኢንስታለር 3.8.10 ነው ከራሱ ከፓይተን ሳይት አውርዱት። መጀመሪያ ግን ኮምፒውተር የሚለውን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ 32 ቢት ይሁን 64 ቢት እዩ፣ የምታወርዱት በሱ ልክ ነው፣ ሰርቪስ ፓክ 1 (የዊንዶውስ 7 የአፕዴቶች ጥቅል) መኖሩም እዛው ይታያል።

እኛ ጋ ሰርቪስ ፓኩ እያለ ራሱ 3.8.10ም አልገባም፣ ሁሉም አፕዴቶች ያስፈልጋሉ ብሎ ቆመ። ሁሉም ሲል አትደንግጡ! የጎደለው አንድ ነገር ነበር፣ ድሮ ኬቢ2533623 የሚባል አፕዴት ነበር አሁን እሱን የተካው ኬቢ3063858 ነው። እሱን ብቻ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት አውርጄ በፍላሽ ይዤ መጣሁ (ፍላሹን ስካን አድርጉ በናታችሁ)፣ ጫንኩት፣ ሪስታርት አደረግኩት፣ ከዛ ኢንስታለሩ ያለ ምንም ጭቅጭቅ ገባ።

የጎደለ ዲኤልኤል ፋይል (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ፋይል) ከየሳይቱ እየለቀማችሁ ሲስተም 32 የሚባለው የዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ የምትከቱ ልጆች ግን እባካችሁ ተዉት፣ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስትጭኑ ደሞ ከታች ያለችውን ፓዝ (ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ጨምር የምትለዋን ሳጥን ቲክ አድርጉ፣ ካለሷ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት) ላይ ፓይተን ብላችሁ ብትጽፉ አያውቀውም።