የክት ሰዓት በእጅ ሳይሞክሩ እንዴት ይመረጣል?

ጎንደር ፒያሳ ላይ ሰዓት ጠጋኝ አይጠፋም፤ እንደ ካላትራቫ ወይም ታንክ ያለ ስመ ጥር የክት ሰዓት አውጥቶ «ይሞክሩት» የሚል ሱቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የክት ሰዓት እዚህ የሚመረጠው ከስልክ ላይ ነው፣ የሚመጣውም ውጭ ባለ ዘመድ እጅ። የአክስቴ ልጅ ባለ 42 ሚሊሜትር ሰዓት አምጥቶልኝ ለጥምቀት አድርጌው ወጣሁ። ከሸሚዜ እጅጌ ሥር አልገባ ብሎ ቀኑን ሙሉ እጅጌ ስጎትት ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ አላዝም።

መጀመሪያ እጅዎን ወረቀት ላይ ዘርግተው የአንጓዎን ግራና ቀኝ በእርሳስ ምልክት ያድርጉና በማስመሪያ ይለኩ። በክር ዙሪያውን መለካት ለማሰሪያው ነው የሚጠቅመው፤ ሰዓቱ የሚተኛው ከላይ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። የእኔ 54 ሚሊሜትር ነው።

ቀጥሎ ሦስት ቁጥር ይጻፉ፦ ስፋት፣ ውፍረት፣ እንዲሁም ከላይኛው ቀንድ ጫፍ እስከ ታችኛው ያለው ርዝመት። ቀንድ የምለው ማሰሪያው የሚገባባቸውን አራቱን ጫፎች ነው። ሰው ሁሉ ስፋቱን ይጠይቃል፤ የሚያጋልጠው ግን ርዝመቱ ነው። ቀንዶቹ ከአንጓ ካለፉ ሰዓቱ የተዋሱት ይመስላል።

ስፋት ብቻውን ያታልላል። ፈረንሳዊው ጌጥና ሰዓት ሠሪ ሉዊ ካርቲየር በ1917 እ.ኤ.አ. የነደፈውን ታንክ ይውሰዱ፤ ታንክ ሉዊ ካርቲየር የሚባለው ትልቁ 33.7 በ25.5 ሚሊሜትር ነው፣ ውፍረቱ 6.6። ቁጥሩን ላነበበ የልጅ ሰዓት ነው። ግን አራት ማዕዘን ስለሆነ ጥጉን ሁሉ ይሞላል፤ የግራና የቀኙ ዘንግ ራሱ ወርዶ ቀንድ ስለሚሆንም ከዚያ ርዝመት የሚተርፍ ነገር የለውም። የስዊሱ ሰዓት ሠሪ የፓቴክ ፊሊፕ ካላትራቫ ክብ ነው። በ1932 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 31 ሚሊሜትር ገደማ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው 6119 የሚባለው 39 ደርሷል፣ ውፍረቱ 8.1። ጠርዙ በጥቃቅን ፒራሚዶች ስለተቀረጸ ብርሃን ሲያርፍበት ያብለጨልጫል፤ ለእኔ ለሠርግ እንጂ ለለቅሶ አይሆንም።

አሁን የጫማ ካርቶን በሰዓቱ ልክ ይቁረጡ፣ ውፍረቱ እስኪሞላ ይደራርቡ፣ በፕላስተር አንጓዎ ላይ ይለጥፉ። የክት ሸሚዝዎን ለብሰው እጅጌውን ይቆልፉና እንጀራ እንደሚቆርስ ሰው እጅዎን ይዘርጉ። ሲመልሱት እጅጌው ካርቶኑ ላይ ከተንጠለጠለ ያንን ሰዓት ይተዉት።

ቀን የሚያሳይ መስኮት ያለውን እኔ አልወድም። ቁጥሩ እስከ 31 ስለሚሄድ በእኛ አቆጣጠር በየወሩ መጨረሻ ማስተካከል ነው፤ ከጳጉሜን 5 ወደ መስከረም 1 ለመድረስማ 27 ቁጥር ማለፍ አለበት።

መግለጫው ላይ ውኃ የመቋቋም አቅሙ «30 ሜትር» የሚል ካዩም ለጠብታ ያህል ነው። ጥር 11 ማለዳ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከወረዱ ውኃው ሳይረጭ አውልቀው ኪስዎ ይክተቱት።