የጎረቤት ኪኒን አይዋሱ፦ ከወሊድ በኋላ በመከላከያ ኪኒን የሚሠሩ ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአዋላጅነት የሚሠራ ሰው ስለ ወሊድ መከላከያ ኪኒን ሲያስረዳ ይውላል። ኪኒኑ ጥሩ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይገኛል፣ ሲያቆሙትም ቶሎ ማርገዝ ይቻላል፤ “ማህፀን ያደርቃል” የሚባለው ወሬ ነው። ችግር የሚመጣው ከአወሳሰዱ ነው። አንዳንዱን ስህተት በአንድ ቃል አልፈዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን አላልፈውም፤ ትዕግሥቴን ጨርሶታል።

“የእህቴን ጀመርኩ”

አራሷ ከቤት አትወጣም። እህቷ ወይ ጎረቤቷ ከምትወስደው አንድ ፓኬት ታካፍላታለች። ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን መከላከያ ኪኒን እንደ ቡና ቁርስ አይካፈሉትም!

ኪኒኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥምር ይባላል። ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖች አሉት፤ ማይክሮጋይኖን ከዚህ ወገን ነው። ሌላው ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ነው፣ ለምሳሌ ማይክሮሉት። ሁለቱም ትንንሽ ክብ ኪኒኖች ናቸው፣ ላይ ላዩን ማንም አይለያቸውም። ለአራስ ሴት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ሴት ስትወልድ ደሟ ቶሎ ይረጋል። ብዙ ደም እንዳይፈሳት ሰውነቷ የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው፤ ከወለደች በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። ኢስትሮጅን ደግሞ የደም መርጋትን ያባብሳል። ስለዚህ የማታጠባ እናት እንኳ ጥምሩን በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት አትነካውም። በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ብዙ ደም የፈሰሳት ወይም በእርግዝናዋ ደም ግፊት የነበረባት ከሆነች 6 ሳምንት ትጠብቅ። የምታጠባ እናት ደግሞ 6 ሳምንት ሳይሞላት በጭራሽ አትወስደውም። ከዚያም በኋላ ሕፃኑ 6 ወር እስኪሞላው ሌላ አማራጭ ካላት ብትተወው ይሻላል፤ ወተት ሊቀንስባት ይችላል። ወተቷ ሲያንስ “ነጠፈ” ይባላል፣ የላም ወተት ይጀመራል፣ ተቅማጥ ይከተላል። የተዋሰችውን ፓኬት ግን ማንም አያነሳውም።

በአንድ የክረምት ቀን እንዲህ ያለ ፓኬት የጀመረች አራስ መጣች። የግራ ባቷ አብጧል። “ብርድ መታት” ተብሎ ሰንብታለች፣ በቅቤ ሲያሿት። እግሯን ስዳስሰው ይሞቃል፣ ቅቤውም ገና አልደረቀም። እናቲቱ ከጎኗ ቆመው፣ “ብርድ እኮ ነው፣ ልጄ” አሉኝ።

“እማማ፣ ብርድ አንድ እግር ለይቶ ይመታል እንዴ?” አልኳቸው።

የረጋ ደም ነበር። ወደ ሆስፒታል ላክናት፣ ደግነቱ ዳነች። እንዲህ ያለ እግር አይታሽም፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አገራችን ብርድ ስለሆነ ሁሉን በብርድ እናመካኛለን። አራስ ሴት አንድ እግሯ አብጦ ካመማት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ትንፋሽ ካጠራት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ወይም ዓይኗ ከጨለመባት፣ ኪኒኑን ትታ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ቅቤው ይቆይ።

ለምታጠባ እናት የሚሆናት ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ነው። ከወለደች በኋላ ብዙ ሳትቆይ መጀመር ትችላለች። ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፣ ሕፃኑን አይጎዳውም።

“እያጠባሁ ነው፣ አላረግዝም”

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። ወር አበባ አልተመለሰም፣ ሕፃኑ 6 ወር አልሞላውም፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ነው የሚጠባው። አንዱ ከጎደለ መተማመኛ የለም።

“ጡት ብቻ ነው የምትሰጪው?” ስል ሁሉም “አዎ ሲስተር” ይሉኛል። ቀስ ብዬ ስጠይቅ ቅቤ አስልሰውታል፣ ሆዱን ሲቆርጠው የጤና አዳም ውሃ ጠብታ ሰጥተውታል፣ እናቱ ገበያ ስትውል አያት የላም ወተት አቅምሰውታል። ይህ ጡት ብቻ አይባልም። በአንድ ክንዷ የ7 ወር ልጅ ታቅፋ፣ 4 ወር ያረገዘች እናት መጥታ ታውቃለች። “አጠባለሁ እኮ!” እያለች ነበር የምታለቅሰው። ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላ ባያረግዙ ነው የሚመከረው፤ እሷ ግን 3 ወር እንኳ በቅጡ አላረፈችም።

ክርስትናን መጠበቅም አለ። ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80። ከዚያ በኋላ ነው ብዙዎቹ ወደ እኛ የሚመጡት። ጡት ብቻ የምታጠባ ብዙ አያሳስባትም። የማታጠባ ግን ከ3 ሳምንት በኋላ ማርገዝ ትችላለች፤ ክርስትናው ሳይደርስ ማለት ነው። ወር አበባ ሳይታይም ይረገዛል፤ እንቁላሉ ይቀድማልና።

ጾምና የኪኒን ሰዓት

ይህን የሚነግራቸው ሰው ጥቂት ነው። ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ኪኒን ሰዓቱን ይፈልጋል። ማይክሮሉት ከ3 ሰዓት በላይ ከዘገየ እንደተረሳ ይቆጠራል። ጠዋት 1 ሰዓት የምትወስድ ሴት ረቡዕና ዓርብ ውሃ እንዳትቀምስ ብላ ወደ 9 ሰዓት ትገፋዋለች። 8 ሰዓት ዘገየች! በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሑዳዴ ሲገባ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ።

መላው ቀላል ነው። ከመጀመሪያውኑ ማታ ከራት በኋላ፣ 3 ሰዓት አካባቢ ይወሰድ። የማታው ሰዓት ጾም ሲገባም ሲወጣም አይለወጥም። የስልክ ደወል ይረዳል። ስልክ ከሌለ ሕፃኑን ለመኝታ ከማጥባት ጋር ማያያዝ ነው። ከዘገየ እንዳስታወሱ መውሰድ፣ ቀጣዩን በሰዓቱ መውሰድ፣ ለ2 ቀን ኮንዶም መጨመር። ልጁ ምግብ ሲለምድና ጡቱ ሲቀንስ ይህ ጥንቃቄ ይብሳል፤ የማጥባቱ እገዛ እየቀነሰ ነውና።

“ፓኬቱ አለቀ፣ አንድ ሳምንት ላርፍ”

ማይክሮሉት 35 ኪኒን ነው፣ ሁሉም መድኃኒት አለው። ሲያልቅ በማግስቱ ሌላው ይጀመራል፤ እረፍት የለውም። ጥምሩ 28 ሆኖ የመጨረሻዎቹ 7 ቡናማዎቹ ብረት ናቸው። ብረቱን ቢዘሉት መከላከያው አይበላሽም። የሚያስረግዘው አዲሱን ፓኬት አዘግይቶ መጀመር ነው። “ሰውነቴ ይረፍ” ብለው በየዓመቱ ለወራት የሚያቆሙም አሉ። ለኪኒን እረፍት አያስፈልገውም።

ደም ጠብ ጠብ ሲል ማቆም

ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው የወር አበባን ያዛባል። ጠብ ይላል፣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ካልተስማማሽ መጥተሽ እንቀይርልሽ። ቤትሽ አቁመሽ ዝም አትበይ።

በሽታንና ሌላ መድኃኒትን አለመናገር

የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ኪኒኑን ያዳክመዋል። ፌኖባርቢታልን የመሰሉ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም እንደዚያው። ግፊት ያለባት ሴት ጥምሩን አትወስድም፤ ግፊቷ ሳይለካ ጥምር የሚሸጥላትን መድኃኒት ቤት “ለካልኝ” ትበለው።

ፖስትፒልን እንደ መደበኛ መከላከያ መጠቀም። አይሆንም። ለድንገተኛ ነው።

ኪኒን ከኤችአይቪ ይከላከላል ብሎ ማሰብም አለ፣ ዛሬም። አይከላከልም።

መደበቅ

ከባል ወይ ከአማት የሚደብቁ አሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ፓኬቱ ጤፍ ዕቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ ጭስ ቤት ጣሪያ ላይ ተሰክቶ፣ ሰው እስኪወጣ እየተጠበቀ በሰዓቱ አይወሰድም። ሸዋሮቢትና አጣዬን በመሰለ ቆላ ደግሞ ከቆርቆሮ ሥር የሚቀመጥ ኪኒን በሙቀት ይበላሻል። መደበቅ ግድ ከሆነ ለእኛ ብቻ ንገሪን። ክንድ ላይ የሚቀበረው የምታጠባ እናት 6 ሳምንት ባይሞላትም ይሆናታል። መርፌው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው፣ በየ3 ወሩ ይወጋል። ስትመጪ የሕፃኑን ክትባት ካርድ ይዘሽ ነይ፤ የተወለደበትን ቀን ከዚያ አይተን የትኛው እንደሚሆንሽ እንነግርሻለን።