የኮንቴምፖራሪ ዳንስ ትርኢት ወደ ገጠር እንዴት ይወሰዳል?

ቲያትር ቤት ወደሌለበት መንደር የኮንቴምፖራሪ ዳንስ (የዘመኑ የመድረክ ዳንስ) ትርኢት ይዞ ለመሄድ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው «ይገባቸው ይሆን?» ብሎ ነው። ዳንስ መፈታት ያለበት እንቆቅልሽ አይደለም። ይልቅስ በቅድሚያ ሊያሳስባችሁ የሚገባው መሬቱ ነው።

ከትርኢቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብላችሁ፣ ሁለት ሰው ብቻ ሆናችሁ ሂዱና እደሩ። ሰው ከሥራ መቼ እንደሚመለስ፣ የገበያው ቀን የትኛው እንደሆነ፣ ሜዳው የማን እንደሆነ ጠይቁ። ቀኑን የሚቆርጡት የመንደሩ ሰዎች ይሁኑ።

ከዚያ ጫማችሁን አውልቁና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በባዶ እግር ሂዱበት። ሲሚንቶ ለጥ ያለ ስለሆነ ያጓጓል፤ ነገር ግን ዳንሰኛው ዘሎ ሲያርፍ ኃይሉን ስለማይውጥለት ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። የዳንስ አዳራሽ ወለል ከሥሩ ክፍተት ያለው እንጨት የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ሲሚንቶው ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ብትዘረጉ ሸካራነቱን እንጂ ጥንካሬውን አይለውጠውም፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ደግሞ እግር ያቃጥላል። ከሲሚንቶ ይልቅ ደልደል ያለ አፈር ወይም አጭር ሣር እመርጣለሁ። መጥረግ ብቻ ግን አይበቃም። ግማሽ አካሉ የተቀበረ ጠጠር ከመጥረጊያ ያመልጣል፣ የሚያገኘው ተረከዝ ነው። ስለዚህ ተንበርክካችሁ በእጅ ልቀሙ።

ቀጥሎ ትርኢቱን በቦታው ልክ ስፉት። አሜሪካዊው የዳንስ ደራሲ መርስ ካኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1964 ቪየና ውስጥ በሙዚየም አዳራሽ ሲያሳይ ከተለያዩ ሥራዎቹ ክፍሎች አውጥቶ አገጣጠመና ለዚያ ቦታ የሚሆን አንድ ወጥ ትርኢት አደረገው። እናንተም የአንድ ሰዓቱን ሥራ ወደ 30 ደቂቃ ብታወርዱት ምንም አይጎድልበትም። መሬት ላይ እየተንከባለሉ የሚሠሩትን ክፍሎች ቀንሱ፤ ሜዳው ደረጃ ስለሌለው ከሁለተኛው ረድፍ ጀርባ ያለ ሰው አያያቸውም። ተመልካቹ ግማሽ ክብ ይሥራ፦ ልጆች ከፊት መሬት ላይ፣ አዛውንቶች ወንበር ላይ፣ የቀረው ቆሞ።

ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ጀምሩ፤ ብርሃኑም ከጎን ይምጣ። በቲያትር ቤት የዳንሰኛን አካል አጉልቶ የሚያወጣው የጎን መብራት ነው፣ እዚህ በነፃ ታገኙታላችሁ። ሰውም ሳይመሽበት ቤቱ ይገባል። በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ካላችሁ ጄኔሬተሩን ተዉት። ስፒከሩን ከሰው ራስ በላይ ስቀሉት፤ ሜዳ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም።

ከትርኢቱ በፊት ረጅም ማብራሪያ አትስጡ። የሥራውን ስምና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ መናገር ይበቃል። እየሠራችሁ ሳለ ልጆች ዳር ላይ ሆነው እንቅስቃሴውን መኮረጅ ከጀመሩ ማንም እንዳያባርራቸው ቀድማችሁ አደራ በሉ። ሲያልቅ «ገባችሁ?» ሳይሆን «ምን አያችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል፤ ዝም ብለው የነበሩ እናቶች እንኳ እጃቸውን እያነሱ ያዩትን ያሳያሉ። እነሱም የራሳቸውን ጭፈራ እንዲያሳዩአችሁ ለምኑ፣ ተማሩም። ከእነሱ የተማራችሁትን ግን ሳታስፈቅዱ ወደ ቀጣይ ሥራችሁ አታስገቡ።

ዕቃችሁን ስትሰበስቡ የለቀማችሁትን ጠጠር ሜዳው ዳር ከምራችሁ አትሂዱ፣ ራቅ አድርጋችሁ ድፉት። በማግስቱ ልጆቹ ያዩትን ሊሞክሩ እዚያው ይመጣሉ።