ሰርቨሩ ተነስቷል፣ ባክአፑ ግን ባዶ ነው

ደሴ ላይ የፋርማሲ ወይ ኮምቦልቻ ላይ የመጋዘን ሰርቨር የምትይዝ ከሆነ ይቺ ነገር አንድ ቀን ታገኝሃለች። ዳታቤዙን የሚይዘውን ፕሮግራም፣ ማይኤስኪውኤልን፣ ከ5.7 ወደ 8.0 ታሳድገዋለህ። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ካሸሯ ሽያጯን ትመዘግባለች፣ አንተም የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ቤትህ ትገባለህ። ባክአፑ ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ቆሟል።

መጀመሪያ የባክአፑን ፋይል መጠን እይ። ስሙንና ቀኑን አትመን፤ ፋይሉማ በየሌሊቱ ይፈጠራል። 20 ባይት ካየህ አለቀ፣ ውስጡ ምንም የለም። ፋይል አሻጊው ጂዚፕ ባዶ ነገር ሲያሽግ የሚወጣው ይኸው 20 ባይት ነው። ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው ማይኤስኪውኤል ደምፕ ገና ሲነሳ ወድቋል፣ ጂዚፕ ደግሞ የተሰጠውን ባዶ ጠቅልሎ በሰላም ጨርሷል፣ ሁለቱን የሚያስኬደው ስክሪፕትም የመጨረሻውን ብቻ ስለሚያይ ሁሉም የተሳካ መስሎታል።

አሁን ኮማንዱን ያለ ጂዚፕ በእጅህ አስኪደው። ለምሳሌ «ሴኪዩር ኦውዝ» የሚባለውን ኦፕሽን አላውቀውም ብሎ ይቆማል። ይሄ ኦፕሽን 8.0 ላይ ተወግዷል፣ ኮንፊግ ፋይልህ ውስጥ ግን የድሮው መስመር ቀርቷል። ታዲያ ሰርቨሩ እንዴት ዝም አለ? ኦፕሽኖቹ የሚጻፉበት ኮንፊግ ፋይል አንድ ይሁን እንጂ አንባቢው ብዙ ነው። ሰርቨሩ «ማይኤስኪውኤልዲ» የሚለውን ክፍል ያነባል፣ ደምፑ ደግሞ «ክላየንት» እና «ማይኤስኪውኤልደምፕ» የሚሉትን። የድሮው መስመር ክላየንት ስር ከተቀመጠ ሰርቨሩ አያየውም፣ የሚወድቀው ደምፑ ብቻ ነው።

መስመሩ የት እንዳለ ካልታየህ ደምፑን «ፕሪንት ዲፎልትስ» ብለህ ጥራው፣ ከፋይሎቹ የለቀመውን ሁሉ ይዘረግፍልሃል። ዋናውን ፋይል ብቻ አትፈትሽ፤ ኮንፍ ዲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ሰው የረሳው ቁራጭ ፋይል አይጠፋም።

ስታገኘው ኮፒ ያዝና አጥፋው። ምትክ ያለው ከሆነ ምትኩን ጻፍ፦ ክላየንት ስር ያለው «ኤስኤስኤል» በ«ኤስኤስኤል ሞድ» ተተክቷል። የድሮም የአዲስም ቨርዥን አንድ ፋይል የሚጋሩ ከሆነ ደግሞ ከኦፕሽኑ ፊት «ሉዝ» እና ሰረዝ ጨምር፤ የማያውቀው አስጠንቅቆ ያልፈዋል። እኔ ግን ይሄን ለጊዜው ካልሆነ አልወደውም፣ ቆሻሻን ምንጣፍ ስር መጥረግ ነው።

በሰርቨሩ ክፍል ያለ የተሻረ መስመር ይብሳል፣ ሰርቨሩ ራሱ አይነሳም። «ኩዌሪ ካሽ ሳይዝ» 8.0 ላይ፣ የሎግ ፋይሎች ስንት ቀን እንደሚቆዩ የሚወስነው «ኤክስፓየር ሎግስ ዴይስ» ደግሞ 8.4 ላይ የለም። የኋለኛው በሰከንድ የሚቆጠር ምትክ አለው፤ 7 ቀን ማለት 604800 ነው። ከ8.0.16 ጀምሮ ሰርቨሩን «ቫሊዴት ኮንፊግ» ብለህ ሳታስነሳው ማስፈተሽ ትችላለህ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰርቨሩ አልነሳም እንዳይልህ፣ ኮንፊግ በነካካህ ቁጥር አስፈትሽ። በደምፑ ፈንታ ኤክስትራባክአፕ የሚባለውን የባክአፕ መሣሪያ የምትጠቀምም ይሄንኑ የሰርቨር ክፍል ስለሚያነብ ተጠንቀቅ፣ ቨርዥኑም ይግጠም፦ ለ5.7 ባለ 2.4፣ ለ8.0 ባለ 8.0።

የባክአፑ ስክሪፕት በባሽ የሚሠራ ከሆነ ላዩ ላይ «ፓይፕፌይል»ን አብራ፣ ደምፑ ሲወድቅ ስክሪፕቱም ወድቄያለሁ ይላል። ከዚያ ፋይሉን ፈትተህ የመጨረሻውን መስመር እይ፤ ደምፑ ተጠናቀቀ የሚለው ከነቀኑ መኖር አለበት። እሱም ካለ ሌላ ስም ባለው የሙከራ ዳታቤዝ ላይ መልሰው፣ የትናንቱን ሽያጭ ፈልግበት።