አንደበታችንን ስናስጾም የምንሳሳታቸው ነገሮች

በሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም፤ «ይሄ ብስኩት ወተት አለበት?» ማሸጊያውን ገልብጠን እናነባለን። 55 ቀን ሙሉ ለሆዳችን እንዲህ እንጠነቀቃለን። ቅዱስ ያሬድ በጾም ወቅት በሚዜመው መጽሐፉ በጾመ ድጓው «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ሲል ግን ምላሳችንንም ጨምሯል።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሐሜትን በጸሎት ጠቅልሎ ማቅረብ ነው። «ለማማት አይደለም፣ እንድትጸልዩላት ብዬ ነው» ይባልና የአንዲት እህት ትዳር ሻይ ላይ ይዘረገፋል። እባካችሁ! ለጸሎት የክርስትና ስሟ ይበቃል። «ወለተ ማርያምን አስባት» በሉ። ዝርዝሩን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ባሏ ስንት ሰዓት ቤት እንደሚገባ ማወቁ ለጸሎታችሁ ምን ይጨምራል?

አንዲት ዘማሪት ሦስት ሳምንት ቀረች። ከጉባኤ በኋላ አንዱ «ጸልዩላት፣ ከባሏ ጋር አልተስማሙም መሰለኝ» አለ። ወሬው ከግቢው ሲወጣ «መሰለኝ» የምትለዋ ቃል ወድቃ ቀርታለች። እኔ አስተማሪው ራሴ ለሁለት ሰው አወራሁ። በሳምንቱ ክፍለ ሀገር ያሉት እናቷ ሰሙ። ልጅቷ ለካ ሆስፒታል አክስቷን እያስታመመች ነበር።

ኩርፊያን ዝምታ አትበሉት። እናቱን ሦስት ቀን ሳያናግር ሰንብቶ «አፌን እየጠበቅኩ ነው» ያለኝ ልጅ አለ። እናትየው እራት አቅርባ መልስ ስትጠብቅ ዝም ማለት ከስድብ አይሻልም።

ሌላው መሐላ ነው። ለአምስት ብር ቅናሽ «ሚካኤልን!» «እመብርሃንን!» እንላለን። ወንጌሉ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ይላል፤ ማቴዎስ 5፥37።

ነፍስ አባት ፊት ቀርቦ የአማትን ኃጢአት መዘርዘርም አለ። የራስን ብቻ ተናገሩ።

ቴሌግራም ላይ የሰው ገመና ስክሪንሾት አድርጎ መላክም ያው ሐሜት ነው። ጣት ስለሠራው ምላስ አይነጻም።

ጀማሪዎችን አንድ ነገር አስለምዳቸዋለሁ። ንዴት ሲመጣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት መዝሙር 140፥3ን ድገሙ፤ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር»። ቀስ ብላችሁ፣ ሦስት ጊዜ። ብዙ ጊዜ ሊወጣ የነበረው ቃል እዚያው ይቀራል።

ዘማሪቷ ስትመለስ ይቅርታ ጠየቅኳት። አልተቆጣችም። «እናቴ ጋ ግን አንተው ደውልልኝ» አለችኝ። ደወልኩ። እናትየው ዝም ብለው አዳመጡኝና «ሳምንቱን ሙሉ እህል በአፌ አልዞረም ነበር ልጄ» አሉኝ።