የወጥ ቤት ቢላዋን በድንጋይ መሳል

ሽንኩርት ሲከተፍ ቢላዋው ልጣጩ ላይ ከተንሸራተተ፣ ሥጋ ሲዘለዘልም መቁረጡን ትቶ መጎተት ከጀመረ ዶልዱሟል ማለት ነው። ዱልዱም ቢላዋ ጉልበት ስለሚጠይቅና መንገዱን ስለሚስት፣ ጣት የሚያስቆርጠው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ሁለት ቢላዎችን እርስ በርስ ማፋጨት ወይም በደጃፍ ሲሚንቶ ላይ መሳብ ለአንድ ምሳ ያደርስ ይሆናል እንጂ ስለቱን ይሸራርፈዋል።

በመሳያ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ድንጋዩ ሻካራ ነው፤ 400 ገደማ ለተሸራረፈ ስለት፣ 1000 ለተለመደው መሳል፣ ከ3000 በላይ ያለው ደግሞ ለማለስለስ ያገለግላል። ድንጋዩ ውሃ የሚጠጣ ዓይነት ከሆነ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ይንከሩትና እንዳይንሸራተት እርጥብ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡት።

ለወጥ ቤት ቢላዋ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለው አንግል ተስማሚ ነው። ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢላዋ ስለቱ ድንጋዩን ነክቶ ደንደሱ 1.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ሲል 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህን ከፍታ ሳይለውጡ፣ ሳይጫኑም፣ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ እየገፉና እየሳቡ ይሳሉ። ድንጋዩ ላይ የሚጠራቀመውን ጥቁር ጭቃ ለማጠብ አይቸኩሉ፤ እሱም ይስላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቼ ማቆም እንዳለበት ነው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ እያልኩ ስቆጥር ኖሬያለሁ። መቁጠር ግን ምንም አይነግርም። አንደኛው ጎን በሚገባ ሲሳል ብረቱ ወደ ሌላው ጎን በስሱ ይታጠፍና፣ አውራ ጣትን ከደንደሱ ወደ ስለቱ አቅጣጫ (በስለቱ ርዝመት ፈጽሞ አይሆንም) በቀስታ ሲያንሸራትቱት ጠርዙ ላይ ይኮሰኩሳል። ይህ ኩስኮሳ ከሥር እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ካልተገኘ ቢላዋውን አይገልብጡት። በሁለቱም ጎን ከተገኘ በኋላ በለስላሳው ድንጋይ ላይ የቢላዋውን ጎን እያቀያየሩ፣ ቀለል አድርገው በመሳል ኩስኮሳውን ያስወግዱት፤ በመጨረሻም ቢላዋውን በአሮጌ የቆዳ ቀበቶ ጀርባ ላይ፣ ደንደሱን በማስቀደም፣ ጥቂት ጊዜ ይሳቡት። የበሰለ ቲማቲም ያለ ግፊት ከቆረጠ ተስሏል።

በኤሌክትሪክ ሞረድ ማሳል ግን አልመክርም፤ ግለቱ ስለቱን ሰማያዊ ካደረገው ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷልና ቶሎ ይዶለዱማል። የሉካንዳ ሥጋ ቆራጮች የሚጠቀሙበት የብረት ዘንግ ደግሞ የተጣመመ ስለትን ስለሚያቀና፣ በሁለት መሳሎች መካከል ላሉት ሳምንታት ይበቃል።